የተቀበሩት የያፌት ደብዳቤዎች

ውድ እትዬ ባድራ፣

እሑድ፣ ቲሽሪ አራት ቀን። የሁለት ቀኑ የዘመን መለወጫ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ የጾም ቀን። ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከትናንት ጀምሮ አልቆመም፤ ሰማዩ አመድ መስሏል፤ የዝናብ ምልክት የለም። በርሽ ላይ የቆምነው አራት ነበርን፦ የምኩራባችን መምህር ሞሪ ስሊማን፣ ቀንደ መለከት የሚነፋው ዘካርያስ፣ አትክልት ሻጯ ሐማማ እና እኔ ታናሽ እህትሽ ሩሚያ። ከበሩ ወዲያ አንቺ ብቻሽን።

እንዲህ ብዬ የጀመርኩት ምስክርነት ስለሆነ ነው። ምስክር ቀኑን፣ አየሩንና አብሮት የነበረውን ሰው ካልተናገረ ቃሉ አይያዝም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ የምመሰክረው በራሴ ላይ ነው። የምታውቂውንም እጽፋለሁ፤ የማታውቂው ያለው በሱ መሃል ነውና አትሰልቺ።

በሩ ከአንቺ ወገን ምን እንደሚመስል አላውቅም። ከእኛ ወገን እንዲህ ነበር። ሐማማ በሻሿ ጫፍ ፊቷን እያራገበች፣ «በጾም ቀን፣ በዚህ ነፋስ! ዛሬ ይቅር ካላለቻት እኔ ነኝ ባድራን የማልምራት» አለች።

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አላት ዘካርያስ።

«ትስማ እንጂ! ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት በር ላነጋግር ነው? አንተ ደግሞ ዝም ብትል ይሻልሃል፤ ከንፈርህ የበሰለ ቲማቲም አክሏል።»

እውነቷን ነው። ሁለቱን የበዓል ቀናት ያን ረጅሙን የአጋዘን ቀንድ ሲነፋ ውሎ ከንፈሩ አብጧል። ዓርብ ዕለት ወደ ምኩራብ ስላልመጣሽ፣ በሽተኛ ቤት ድረስ ሄዶ ማሰማት ልማድ ነው ብሎ ቀንዱን ተሸክሞ ደጅሽ ድረስ መጥቶ ነበር። መስኮቱን ዘጋሽበት። እሱ ግን የተዘጋው መስኮት ላይ እስከ መጨረሻው ነፍቶ ሄደ። ይህን የነገረኝ ሐማማ ናት፤ እሱ ለማንም አላወራውም።

ሞሪ ስሊማን በምርኩዛቸው በሩን መቱ። «ባድራ፣ እህትሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታለች። ሦስት ሰዎች አብረናት ቆመናል።»

እኔም ሁለት ጊዜ ያልኩትን ደገምኩት። «እትዬ፣ ሳላውቅ ነው የበደልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት ተሰማን። ከዚያ ድምፅሽ መጣ፤ ከበሩ ሥር፣ እዚያው አፍንጫዬ ላይ ያለሽ ይመስል።

«ሩሚያ፣ ምን ተጽፎባቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩ።

«አንድ ቃል እንኳ?»

«የእጅ ጽሕፈት ማንበብ እንደማልችል ታውቂ የለ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ያጠፋሽውን ካላወቅሽው ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?»

ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራስሽ በሚመስል ሁኔታ፣ «በቃሌ ይዣቸው ነበር። አሁን ግን እየጠፉብኝ ነው። የመጀመሪያው እንዴት እንደሚጀምር ሰንበቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። ሂዱልኝ በቃ» አልሽ።

ሞሪ ስሊማን ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስት ጊዜ ሆነ። ሕጉ ተፈጽሟል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነጻ ነሽ፤ ኃጢአቱ አልምርም ባለችው ላይ ነው።»

«ተመስገን!» አለች ሐማማ። «በይ አንቺዬ፣ ፊትሽን ፍቺው። ከዓመት በኋላ ዛሬ እህል ይዋሃድሽ ይሆናል፤ ጾሙ ይፈታና።»

ያን ጊዜ ደረጃሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ጾሙ ነው ብለው ደግፈው ወሰዱኝ። ጾሙ አልነበረም፣ እትዬ። እኔ የዘጋሁብሽን በር እነሱ መጥተው አንቺው ላይ ቆለፉትና ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ነጻ ነሽ ሲሉኝ የሰማሁት ይህንን ነው።

አሁን የማታውቂውን ልጻፍ።

አባታችን ቤት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። አባባ ምንጣፉ ላይ ዘርግቶት ወንዶቹ በዙሪያው ይቀመጣሉ፤ ከፊት ያለው ቀጥ ብሎ ያነባል፣ ከጎን ያለው በጎን፣ ከማዶ ያለው ገልብጦ። ለሴት ልጅ ቦታ አልነበረም። አንቺ ውኃ ስታቀርቢ፣ ሰሃን ስታነሺ ፊደሉን በዐይንሽ እየሰረቅሽ ለቀምሽው። ከዚያም በሰንበት ከሰዓት በኋላ፣ አባባ ጋደም ሲል፣ መጽሐፉን መሃላችን አድርገሽ አስተማርሽኝ። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከማዶ። «ወደ እኔ አዙሪልኝ» ብዬሽ ነበር። «መጽሐፍ አይዞርም። መዞር ያለብሽ አንቺ ነሽ» አልሽኝ። አልዞርኩም። ከማዶ ሆኜ ፊትሽን ማየት ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ወረቀት ገልብጬ ካልያዝኩ ፊደል አይታየኝም።

እዚህ አገር ስንመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ሰው ቤት ወለል ወደ መወልወል ገባሁ። ሌላውን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ምኩራቡን ማጽዳት ከያዝኩ በኋላ፣ ከኋላ ካለው ሣጥን። የተቀደደ የጸሎት መጽሐፍ፣ ግማሽ ገጽ፣ ሽፋን የሌለው ኦሪት፣ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ አይጣልምና፣ እንደ ሰው እስኪቀበር እዚያ ይጠብቃል። እኔ ሳይቀበር አነበዋለሁ። ስለዚህ የማውቀው ሁሉ ቁራጭ ነው፤ መጨረሻ የሌለው ታሪክ፣ መጀመሪያ የሌለው ሕግ። ሐማማ «የተገለበጠችው ሊቅ» እያለች ትስቅብኛለች። አንቺም ትስቂ ነበር፣ ድሮ፣ ያፌት እያለ።

ያፌት የአንቺ ልጅ ነው። እኔ ልጅ የለኝም። ይህን ሁለቱን ነገር አንድ ቀንም ረስቼ አላውቅም።

ያፌትን የያዘው የወታደር መኪና ሰሜን ድንበር ላይ ገደል የገባበት ቀን የስርየት ቀን ማግስት ነበር። በነጋታው ቀበርነው። ሐዘን ተቀመጥሽ። ሰባት ቀን ነው ለሰው የተሰጠው፤ ለአንቺ ግን የዳስ በዓል በሦስተኛው ቀን ገባና ሕጉ ሐዘንሽን ቆረጠው። በዓል ሲገባ ሐዘን ይነሣል። መንደሩ ሁሉ ዳሱን ሲቸነክር፣ ዘንባባ ሲያለብስ፣ አንቺን ከምንጣፍ ላይ አንሥተው ፊትሽን አጠቡሽ። ደስ ይበልሽ ተባልሽ። እኔም ካጠቡሽ መካከል ነበርኩ። ያልተቀመጥሽውን አራት ቀን ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ ተቀመጥሽው፤ የብስኩት ቆርቆሮውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ከወታደር ቤት የጻፈልሽን ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። ምግብ ሳመጣልሽ እዚያው፣ ሰሃኑን ልወስድ ስመለስ እዚያው።

የዛሬ ዓመት በኤሉል ወር፣ ለዘመን መለወጫው ቤትሽን ላጸዳ መጣሁ። አንቺ ለዐይንሽ ቀዶ ጥገና ወደ ከተማ ሄደሽ ነበር። «ከአልጋው ሥር ያለውን የተቀደደ የጸሎት መጽሐፍ ጆንያ ለሣጥኑ ውሰጂልኝ» ብለሽኛል። ጆንያውን ስጎትት ቆርቆሮው አብሮ መጣ።

ለመንደሩ የነገርኩትን ታውቂዋለሽ። የእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ «በፈጣሪ ረዳትነት» የሚል አየሁ፤ ስሙን ሳይ የጸሎት ወረቀት መስሎኝ ከጆንያው ጨመርኩት፤ የእጅ ጽሕፈት አላነብም። እንዲህ አልኩ። ሁሉም አመኑኝ። ገልብጣ የምታነብ ሴት እንዴት የእጅ ጽሕፈት ታነባለች? አለማወቄ መደበቂያ ሆነልኝ። ሌላ ጊዜ አፍርበት የነበረውን ያን ቀን እንደ ሻሽ ተከናነብኩት።

እትዬ፣ ማንበብ እችላለሁ። ያፌትን ጽሕፈት ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ፤ አንቺ ፍሬ ለቀማ ስትሄጂ፣ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከማዶ።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሠላሳ አንዱንም አነበብኩ። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነበር። «እማ፣ ይህንን ለአክስቴ ሩሚያ አንብቢላት።» ሠላሳ አንድ ጊዜ። በሰባተኛው ላይ፣ «አነበብሽላት? የቱ ጋ ሳቀች?» ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ላይ፣ «አክስቴ ለምን አትመልስልኝም? የኔን ጽሕፈት ገልብጣም ቀጥ አድርጋም አልሆንላት ብሏት እንደሆነ ንገሪኝ፣ አሻሽላለሁ» ይላል።

ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ደጅሽ ላይ ቆሜ «ምን ይላል?» እልሽ ነበር። «ደህና ነኝ ይላል» ትዪኝ ነበር። በቃ። ደህና ነኝ ይላል።

ለምን እንዳላነበብሽልኝ አሁን አልጠይቅሽም። እናት የልጇን ቃል ብቻዋን ይዛ መቆየት ብትፈልግ ማን ይፈርዳል? ያን ቀን ግን ፈረድኩ። መንደሩ ቢጠይቀኝ፣ ደብዳቤዎቹ እየገደሏት ነበር፣ ላድናት ብዬ ነው እል ይሆናል። ለራሴም ብዙ ጊዜ እንዲህ ብያለሁ። ውሸት ነው። ተናድጄ ነው። ልጁ እየጠራኝ ሞተ፣ አንቺ ጥሪውን አላሰማሽኝም። ልቀዳድዳቸው፣ ላቃጥላቸው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ አናታቸው ላይ ስሙ ነበርና አልቻልኩም። ስሙ ላለበት ወረቀት የሚገባው አፈር ነው። ኃጢአቴን እንኳ በሕጉ መሠረት ነው የሠራሁት።

በሁለተኛው ቀን ወንዶቹ ጆንያዎቹን ከመቃብሩ ግንብ ሥር ቀበሩ። ዳር ቆሜ አየሁ። አንድ እፍኝ አፈርም ጣልኩ። አንቺ ዐይንሽ ታሽጎ ተመለስሽ፤ ማሸጊያው እስኪፈታ ድረስ በየቀኑ ሾርባ አመጣልሽ ነበር፤ ቆርቆሮውን በእጅሽ እየዳሰስሽ «አሁን ቢያምረኝም አላየውም፣ ይቆየኝ» ስትዪ አጠገብሽ ተቀምጫለሁ። ባዶ ነበር። በጣትሽ ክዳኑን ስትመቺው ባዶነቱ እንዳይሰማሽ እያወራሁ ድምፁን እሸፍን ነበር። ከሁሉ ይህ ይከብደኛል። ከመቅበሩም ይልቅ።

ማሸጊያው ሲፈታ መቆፈሪያ ይዘሽ ወደ መቃብሩ መሮጥሽን፣ ዘካርያስ እጅሽን ይዞ «የተቀበረ አይወጣም፣ እናቴ» እያለ ማልቀሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሁሉ ዘነበ።

አምና በስርየት ቀን ዋዜማ መጣሁ። «ይዘሻቸው መጣሽ?» ብለሽኝ ዘጋሽ። ዘንድሮ በዘመን መለወጫ ዋዜማ መጣሁ። በመስኮት አየሽኝና «የተቀበረ አይወጣም» ብለሽ መጋረጃውን ሳብሽ። ዛሬ ሦስተኛው ነበር። ሦስት ጊዜ ይቅርታ የጠየቅኩሽ ላልሠራሁት ጥፋት ነው። የሠራሁትን አንድ ጊዜም አልጠየቅኩሽም። ታዲያ ማን ነው ነጻ የወጣው? ሩሚያ የምትባል፣ ማንበብ የማትችል፣ ሳታውቅ የበደለች ሌላ ሴት ናት። እኔ እዚሁ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ምኩራቡ ሄድኩ። ሞሪ ስሊማን ብቻቸውን ተቀምጠው ጾሙ እስኪፈታ ጥላውን ይጠብቃሉ። ከጉያዬ ቁራጭ ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የሦስቱን ጊዜ ሕግ የተማርኩት ከዚያ ወረቀት ነው። የበደለ ሰው ይሂድ፣ ይለምን፤ እምቢ ካለው ሦስት ሰዎች ይዞ ይመለስ፤ ለሦስተኛ ጊዜም እምቢ ካለው ይተወው ይላል፤ እዚያ ላይ ተቀድዷል።

«ሞሪ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ይላል?»

ገልበጥ፣ ቀና አድርገው አዩት። «ይህንን ከየት አመጣሽው?»

«ከሣጥኑ። ሃያ ዓመት ሆነው።»

«መቀበር የሚገባውን ወረቀት ሃያ ዓመት በጉያሽ!»

«አልጨረስኩትም ነበራ» አልኳቸው።

በደረቀ አፋቸው ሳቁ። «ቀጥሎ ያለው አንቺን አይመለከትም። ስለ መምህር ነው።»

«ስለ መምህር ምን ይላል?»

«የበደለው መምህሩን ከሆነ ሦስት ጊዜ አይበቃውም። እስኪምረው ድረስ ሺህ ጊዜም ቢሆን ይመላለሳል።»

«አንድ ፊደል ያስተማረ ሰው መምህር ይባላል?»

«አንድ ፊደልም ቢሆን።»

«ባድራ ሁሉንም ነው ያስተማረችኝ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ነጻ ነሽ ብዬሻለሁ። ሰው ነጻ ነህ ሲባል መንገዱን ይሄዳል እንጂ ተመልሶ ሰንሰለቱን ይፈልጋል?»

«ሞሪ፣ ጠዋት በፊትዎ የተናገርኩት ውሸት ነበር።»

ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ለእኔ አይደለም። ለተበደለው ነው የሚነገረው። ወረቀት አለሽ?»

አልነበረኝም። ተነሥተው የዛሬ ዓመት ያለቀውን የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው ላይ አወረዱና ሰጡኝ። ይህን የምጽፍልሽ በጀርባው ነው። ብትገለብጪው ያ ወር በዚያኛው ወገን አለ፤ የኤሉልን ቅጠል ለዚህኛው ገጽ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው።

እትዬ፣ ለምን ዓመት ሙሉ ዝም እንዳልኩ አሁን ይገባሻል። ወረቀቶቹ ጭቃ ሆነዋል። ቃሉ ግን እኔ ጋ አለ። ነገ እንደሚቀበር እያወቀ የሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ ያነበበው አይጠፋበትም፤ እኔ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው ያነበብኩት። ሠላሳ አንዱም አሉኝ። አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንድ በአንድ እየጠፉብሽ ነው፣ እኔ መንገዱን ተሻግሬ እዚህ ተቀምጬ አንድ በአንድ ይዣቸዋለሁ። አንድ ቃል ብነግርሽ ግን ማንበቤን ታውቂያለሽ፤ ማንበቤን ካወቅሽ እያወቅኩ መቅበሬን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ልጅሽን ሁለተኛ ቀበርኩት፤ በዝምታ።

የስርየት ቀን ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። ከዚያ ማግስት ጀምሮ ከየግቢው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፣ ዳስ ይሠራል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከአንቺ ግቢ አልተሰማም። ሦስተኛውን ዓመት እንዴት እንደምሰማው አላውቅም። ፈራሁ፣ እትዬ። ይቅር ሳትዪኝ እንዳልሞት አይደለም የምፈራው፤ የመጨረሻውን ቃሉን ረስተሽ እንዳትሞቺ ነው።

ሰንበቱን ሙሉ የፈለግሽው፣ የመጀመሪያው፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

«እማ፣ ደርሻለሁ። አልጋዬ መስኮት አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይን ከሁሉም ቀድሜ አያለሁ፣ ብርዱንም ከሁሉም ቀድሜ እቀምሳለሁ። ሁለቱን ሹራብ ደርቤ ለብሻለሁ፤ እዚህ በግ እያሉ ይጠሩኛል። ያንቺን አብሽ ለጓደኞቼ አቀመስኳቸው፤ አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ጨምርልኝ አለ።»

የአሥራ ዘጠነኛው መሃል ላይ፣ በዘመን መለወጫ የጻፈው፦ «ቀንደ መለከቱን የሚነፋ ጠፋና እኔ ነፋሁት። አዛዡ 'የታመመች ላም ነው የመሰለው፣ ግን ፈጣሪ ላሞችንም ይሰማል' አለኝ። ለዘካርያስ እንዳትነግሪው፣ ይስቅብኛል።»

ዘካርያስ አይስቅም፣ እትዬ። ትነግሪዋለሽ።

የመጀመሪያውን ሙሉውን ዛሬ ገልብጬ እጨርሳለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሁለተኛውን ነገ፣ ሦስተኛውን ከነገ ወዲያ። መያዣ አይደለም። ይቅር አትበይኝ፣ ደብዳቤዎቹ ግን ይመጣሉ። የመጨረሻውን ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ዳሱን ሳትሠሩ ጠብቁኝ፣ ምሰሶውን የማቆመው እኔ ነኝ ነው የሚለው። እሱን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ሲደርስ አንቺው ትዪኝና እኔ እጽፈው ይሆናል።

ሰኞ፣ ቲሽሪ አምስት ቀን፣ ጠዋት። ነፋሱ ቆሟል። ደመና የለም። አብሮኝ ማንም የለም።

ስነሣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጸለይኩ፣ ዶሮዎቹን አበላሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። የያፌትን የመጀመሪያ ደብዳቤ ማታ ከጻፍኩት ጋር በቃሌ አመሳከርኩ፤ አንድ ቃል ዘልዬ ነበር፣ አስገባሁት። አናቱ ላይ እሱ እንደሚጽፈው «በፈጣሪ ረዳትነት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቶቹን ከምስክርነቴ ጋር አጥፌ ጉያዬ ውስጥ፣ ያ ቁራጭ ይቀመጥበት በነበረበት ቦታ አደረግኩ። ቁራጩን ለሞሪ ስሊማን መልሼላቸዋለሁ፤ ጨርሼዋለሁና ይቀበር።

ሐማማ ሱቋ ደጅ ዱባ እየደረደረች ነበር። «ወዴት ነው በማለዳው?»

«ባድራ ጋ።»

«ሦስቱ ትናንት አልቆ የለ እንዴ?»

«ይኼ አራተኛው ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ቁጥርም ገልብጠሽ ነው የምትቆጥሪው? ምስክሮችሽስ?»

«ዛሬ ምስክር አያስፈልገኝም።»

አየችኝ። ከቅርጫቷ አንድ ሮማን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወደ ዱባዋ ተመለሰች።

በርሽን በእጄ መታሁ፣ አንድ ጊዜ። «እትዬ፣ ትናንት የጠየቅሽኝን አውቀዋለሁ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። አንብቤ ነው የቀበርኳቸው» አልኩ። ከውስጥ ወንበሩ ተጎተተ። ሄደሽ ይሁን ቀርበሽ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ደረጃሽ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ይህን ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ሮማኑን መስኮትሽ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አሁን እርሳሱን አኖርና ወረቀቶቹን በበሩ ሥር አስገባቸዋለሁ፤ ግማሹን ብቻ። በአንቺ ወገን ቀጥ ብለው ይገባሉ፣ በእኔ ወገን ይገለበጣሉ። ሁለታችንም የምናነበው እንዲህ ሲሆን ነው። ጫፉን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ከሳብሽው እለቀዋለሁ። ካልሳብሽው ነገ ሁለተኛውን ይዤ እመጣለሁ፣ አምስተኛው ይሆናል። ሺህ ሩቅ ነው፤ እኔ ግን ሩቅ አልሄድም፣ ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ተማሪሽ
ሩሚያ